የሾላ ሜዳን ቦኖ ለማስቆም ደብረ ማርቆስ ደርሶ መልስ

ከዲማ የሚመጣው የጨው ነጋዴ ባለፈው ሳምንት ቤቴ አድሮ ነበር። እናንተ ዲማ ያላችሁ እህቶቼ በእሱ በኩል የላካችሁትን ጥያቄም ነገረኝ። «በደብረ ማርቆስ ውሃው ከብረት ይወጣል፣ ምሽቱም እንደ ቀን ነው፣ ስመኝ አይታ መጣች ይባላል፤ እውነት ነው ወይ?» ብላችኋል። እውነትም አለበት፣ ውሸትም አለበት። መልሱን በነጋዴው አፍ ብልከው ደግሞ እሱ የራሱን ይጨምርበታል። ክረምቱም ከቤት አላስወጣ ስላለኝ ራሴ ጻፍኩት። አባታችን ዳዊት ሲያስደግሙኝ «ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል?» ይሉ የነበሩት ጎረቤቶች ዛሬ በሕይወት ቢኖሩ ይህን አነብላቸው ነበር።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ ልንገራችሁ። ሾላ ሜዳ ከደብረ ኤልያስ በታች ያለች ትንሽ የገበያ ከተማ ናት። ላይ ሰፈር የባላምባራስ ግቢና የደህና ደህና ሰዎች ቤት አለ። ታች ሰፈር ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ጠላ ሻጯ፣ እንደኔ ባሏ የሞተባት ሴት አለን። ምንጩ ለሁላችንም አንድ ነው፤ በበጋ እንደ ክር ይቀጥናል። የባላምባራስ ገረዶች ማታውኑ መጥተው እንስራ ደርድረው ይሄዳሉ። ጠዋት እኛ ስንደርስ ባዶው እንስራ ተራ ይዟል፣ ባለቤቱ ገና ተኝቷል። ሸክላ ሠሪዎቹማ፣ እንስራውን ለአገሩ ሁሉ የሚሠሩት እነሱ ሆነው ሳለ፣ ከሁሉ መጨረሻ ነው የሚቀዱት። በዚህ ነገር ስጣላ ኖሬያለሁ።

በዚህ መሀል ለከተማችን አንድ ቦኖ ሊገባ ነው ተባለ። ቦኖ ማለት በመንገድ ዳር ቆሞ ለሁሉም የሚቀዳ የቧንቧ ውሃ ነው። ባላምባራስ «አጥርም ዘበኛም ያለኝ እኔ ነኝ፣ በግቢዬ ይቁም» ብለው በማኅተማቸው ወደ ደብረ ማርቆስ ጻፉ። እኛ ደግሞ «በመንታ መንገዱ ላይ ይቁም፣ ከላይም ከታችም እኩል ነው» ብለን ጻፍን፤ ሰዉ ሁሉ አውራ ጣቱን ቀለም እየነከረ ፈረመበት። ቧንቧው መኪና ላይ ከመጫኑ በፊት ወረቀታችን ካልደረሰ ቦኖው ግቢ መግባቱ ነው። ማን ይውሰደው ሲባል ወንዶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። የባላምባራስን መሬት የሚያርስ ሰው ባላምባራስን መክሰስ ይከብደዋል፤ አልፈረድኩባቸውም። እኔ ግን መሬት የለኝም፣ የሚነጥቀኝም የለ። «ስጡኝ» አልኩ።

ሰኞ

ጥምቀት ካለፈ በሁለተኛው ሳምንት ጎህ ሲቀድ ተነሣን። አብረውኝ የሄዱት መሪጌታ ይባቤ ናቸው። ታውቋቸዋላችሁ፣ እናንተው ዘንድ ቅኔ ሲማሩ የነበሩት ረጅሙ ሰው ናቸው። አቤቱታውን የጻፉልን እሳቸው ሲሆኑ ደብረ ማርቆስ የሚጠይቁት ወንድም አላቸው። እሳቸው ጃንጥላና ዳዊት፣ እኔ ስንቅ፣ ዱላና አንዲት ቄብ ዶሮ ይዘናል። ዶሮዋ ለትሁን ናት፣ ለሟቿ እህታችን ልጅ። ባዶ እጄን የሰው ቤት አልገባም። ወረቀቱን በጨርቅ ጠቅልዬ መቀነቴ ውስጥ አስሬዋለሁ።

መንገዱ አቧራ ነው። በየሜዳው አውድማ ነበር፣ በሬዎቹ እየዞሩ፣ ሰዎቹ እየዘፈኑ። እንደ ዲማ መንገድ ገደል የለውም፤ ግን ጥላም የለው። ጥቂት እንደሄድን መሪጌታ፣

«እመት ስመኝ፣ ‹መንታ መንገድ ላይ ከቆመ ቁልፉን ማን ይያዝ?› ቢሉዎትስ?» አሉኝ።

«እኔ ነኛ!»

«ለራስ መፍረድ አይሆንም?»

«ለራሴ አልፈርድም፣ የኔታ። ለሁሉ ነው የምፈርደው።»

«ባላምባራስም የሚሉት ይህንኑ ነው።»

ከዚያ ወዲያ እስከ ወንዙ ድረስ አላናገርኳቸውም። ወንዙን ስንሻገር ግን ድንጋዩ ስለሚያንሸራትት እጃቸውን መያዝ ግድ ሆነብኝና ታረቅን።

ሲመሽ ከአንድ ጎጆ ደርሰን «የእግዜር እንግዳ ነን» አልን። የቤቲቱ እመቤት ማንጠግቦሽ ትባላለች፤ ቀይ፣ ሳቂታ፣ ገና ሕፃን የምታጠባ ሴት። አስገባችን፣ መደብ ላይ ቁርበት ዘረጋችልን፣ ወዲያው ውሃ አሙቃ ገበቴ ይዛ መጣች። በኛ አገር እንደሚደረገው እግር ልታጥብ ነው። ውሃው ከየት እንደሚመጣ ጠየቅኳት።

«ከታች ከሸለቆው ነው። ከቀትር ብወጣ የምመለሰው ላሞቹ ሲገቡ ነው» አለችኝ።

«በይ እንግዲያው አንዱን እግሬን ብቻ እጠቢ፣ ሌላው ነገ ይታጠባል።»

«ኧረ በሞቴ እማማ፣ ግማሽ እንግዳ አሳድሬ አላውቅም!» ብላ ሁለቱንም አጠበችኝ። የመሪጌታንም አጠበች፤ የሳቸው እግር መቼም የሁለት ሰው ነው። እጣቢውን ግን አልደፋችውም፤ ይዛ ወጥታ ጎመኗ ላይ አፈሰሰችው። ሽሮ በጎመን በላን፣ እርጎ ጠጣን። በኛ ቤት ሽሮው ይቀጥናል፤ የሷ እንደ ገንፎ ቆሞ የሚሄድ ነበር፣ ወድጄዋለሁ።

ማክሰኞ

ረፋድ ላይ ከመኪናው መንገድ ወጣን። ጤፍ የጫነ መኪና ቆመልን። ሾፌሩ «እናቴ፣ ፊት ቦታ የለም፣ ከጆንያው ላይ ይወጣሉ?» ብሎ በትሕትና ጠየቀኝ። ወጣሁ ስላችሁ አትሳቁ፤ ሁለት ሰው ከታች ገፍቶ፣ መሪጌታ ከላይ ጎትተው ነው። የጤፍ ጆንያ ከአልጋ ይበልጣል። መኪናው ሲሮጥ ግን ነፋሱ ነጠላዬን ሊወስደው ታገለኝ፣ አቧራው ሽበቴን ቀይ አደረገው።

የጨሞጋን ድልድይ ስናልፍ ዶሮዋ ጮኸች። ለካ ከመሪጌታ ጃንጥላ እጥፋት ውስጥ ገብታ ኖሮ እንቁላል ጥላበታለች፤ የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም። መሪጌታ እንቁላሉን አንሥተው አዩትና «ይህ እንቁላል የማን ነው?» አሉ።

«ዶሮዋ የኔ ናት።»

«ቤቱ ግን የኔ ነው። ጭሰኛ ለባለ ርስቱ ድርሻ ያገባል።»

«ዶሮዬ ጭሰኛ አይደለችም!» ብዬ ተነሣሁባቸው። እስከ ከተማው ድረስ ተሟገትን። ስንወርድ እንቁላሉን ለሾፌሩ ሰጠነው፤ እሱም ስንከራከር ሰምቶ ኖሮ ሊወድቅ እስኪደርስ ሳቀ።

ደብረ ማርቆስ ትልቅ ከተማ ናት። ቤቱ ቆርቆሮ፣ መንገዱ ሰፊ፣ ሰው ሰላም ሳይባባል ይተላለፋል። ብዙ ሥዕል አልሥልላችሁም፣ ምክንያቱም ብዙውን አላየሁትም፤ በመንገድ ዳር የተተከሉትን የመብራት እንጨቶች ሽቅብ እያየሁ ስሄድ ቁልቁል ቦይ ውስጥ ገባሁ። እዚያ የየቤቱ እጣቢ እንደኛ ከደጅ አይደፋም። በመንገድ ዳር ቦይ ተቆፍሮለት በጠፍጣፋ ድንጋይ ተከድኖ ወደ ታች ይወርዳል። ሐሳቡ መልካም ነው። እኔ የረገጥኩበት ቦታ ግን ክዳኑ የለም። እስከ ጉልበቴ ገባሁ፤ ሽታውን አልጽፈውም፣ ምግብ የሚያስጠላችሁ ትኖራላችሁና።

ከፊት ለፊት ካለው ቤት አንዲት ሴት በሩጫ ወጣች። ስሜን እንኳ ሳትጠይቅ አስገብታ በሳሙና አጠበችኝ፣ የራሷን ቀሚስ አለበሰችኝ፣ የኔን አጥባ ነገ እንደምትልክልኝ ማለችልኝ። ላከችውም፣ ተተኩሶ።

«ክዳኑን ማን ወሰደው?» አልኳት።

«ለጉልቻ የወሰደ ሰው አለ፣ እማማ።»

«ማነው?»

«እሱማ ይታወቃል። ግን ጎረቤት ነው።»

በዚህ በኩል ከተማም እንደኛው አገር ነው።

ትሁን ስታየኝ አለቀሰች፣ ቀጥላ የለበስኩትን ቀሚስ አይታ ሳቀች። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ ቤታቸው ጠባብ፣ ልባቸው ሰፊ። ሲመሻሽ «ነይ መብራቱን ላሳይሽ» ብላ ደጅ አወጣችኝ። ከሩቅ የሞተር ድምፅ ተሰማ፣ ወዲያው ከላይኛው መንገድ አምፖሎቹ ባንድ ጊዜ ቦግ አሉ። እውነቴን ነው፣ ደነገጥኩ፤ አማተብኩም። ከዚያ ወደ ትሁን ሰፈር ዘወር ስል ጨለማ ነው። እንጨቱ ቆሟል፣ ሽቦው ተዘርግቷል፣ አምፖሉ የለም። ላይኛው መንገድ ትልልቁ ቢሮ ያለበት ነው፤ በየበሩ ዘበኛ ቆሟል። ዘበኛ ያለው መብራት አለው፣ ዘበኛ የሌለው መብራትም የለው። «እንደ ቀን ነው» ያሏችሁ ሰዎች ያደሩት ላይኛው መንገድ ነው ማለት ነው።

ረቡዕ

ወደ ውሃ ክፍሉ ቢሮ ሄድኩ፤ ኃላፊው የተሰበረ ቧንቧ ሊያሠራ ወጥቷል፣ ነገ ነይ ተባልኩ። ይህን ከመናገሬ በፊት ግን ጠዋት ያደረግኩትን መናገር አለብኝ። ልዘለው አስቤ ነበር። መሪጌታ ሰምተውታልና ከሳቸው አፍ ከምትሰሙት እኔው ልንገራችሁ።

ገና ሳይነጋጋ የትሁንን እንስራ ይዤ ወደ ቦኖው ወረድኩ። ትሁን ከልጇ ጋር ተኝታለች፣ አልቀሰቀስኳትም። ቦኖው እንደ ትንሽ ግንብ ሆኖ ሁለት የብረት አፍ አለው፤ ጠባቂው አንድ ጡረታ የወጣ ወታደር ነው፣ ገና አልመጣም። እንስራዎች በረድፍ ተደርድረዋል። ከፊት ያሉት ሰባቱ ባለቤት የላቸውም፤ አፋቸው በቅጠል ተወትፏል። ከኋላቸው አሥራ ሁለት ሴቶች በብርድ ይንቀጠቀጣሉ፣ አንዷ ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር ናት።

ደሜ ፈላ። «እዚህም አሉ!» አልኩ በልቤ። የባላምባራስ ገረዶች መሰሉኝ፤ ማታ ደርድረው ሄደው የተኙ። ነጠላዬን አጣፋሁና ሰባቱንም አንድ በአንድ እያነሣሁ ወደ ኋላ ወሰድኳቸው።

ነፍሰ ጡሯ፣ «እማማ፣ ይተዉት፤ ቅጠል እኮ አለው» አለችኝ።

«ቅጠልማ በኛም አገር ሞልቷል! የቆመ ሰው ይቅዳ፣ የተኛ ይጠብቅ!»

ሌላዋም አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች። ትልቅ ሰው ስለሆንኩ፣ ድምፄም እንደምታውቁት ስለሆነ፣ መልሳ ዘጋችው። ጠባቂው መጣ፣ ቁልፉን ከፈተ፣ የቆሙት ቀዱ። እኔም ቀዳሁ። ደረቴን ነፍቼ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ውሃው እየሳሳ ሄዶ ቀጥ አለ። ለካ ያ የተሰበረው ቧንቧ ነው። ጠባቂውም ቆልፎ ሄደ።

እንስራዬን ላዝል ስጎነበስ ሰባት ሴቶች ከላይ መጡ። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል፣ ዓይናቸው አብጧል። ከፊት ያለችው አጭር፣ ጠንካራ ሴት እንስራዋን ከመጨረሻ ቆሞ ባዶውን አየችው።

«የለቅሶ እንስራ ማነው ያነሣው?» አለች።

ያን ጊዜ ገባኝ። በዚያ ሰፈር ሰው ሲሞት ሴቶቹ በሌሊት ለመርዶ ይወጣሉ፤ ለእንግዳው ሁሉ ውሃ ስለሚያስፈልግ እንስራቸውን ቅጠል ወትፈው ከፊት ያቆሙታል። ቅጠል ያለውን እንስራ ከተማው ሁሉ አይነካም፤ ሌባ እንኳ አይነካውም። ስመኝ ነካችው።

ሁሉም መሬት መሬት አዩ። ማንም አላጋለጠኝም፤ ይህ ደግሞ ከስድብ ይብሳል።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«እርስዎ? ምነው እናቴ፣ ሽበት አብቅለው!» አለች። አንጓች ትባላለች፣ በኋላ ስሟን አወቅኩት። «ሐዘንተኛ ቤት የሚጠጣ የለ፣ ንፍሮ የሚቀቀልበት የለ። እግዜር ይይልዎ!»

እዚያው ቆሜ ማልቀስ ማንንም አያጠጣም አልኩና ቀድተው ወደየቤታቸው የሄዱትን ሴቶች ተከትዬ በየደጃቸው ቆምኩ። «እኔ ያላግባብ አስቀድሜያችኋለሁ፤ ግማሹን መልሱ» አልኳቸው። ነፍሰ ጡሯ ሙሉውን ሰጠችኝ፣ ግማሹን መለስኩላት። አንዷ «እኔ በተራዬ ነው የቀዳሁት!» ብላ በሩን ልትዘጋ ስትል ጣቴን መቃኑ ላይ አደረግኩ፤ ሰጠችኝ። ትሁን ተነሥታ የሆነውን ስትሰማ እጇን ጉንጯ ላይ ጫነች፣ ግን እንስራ አዝላ ተከተለችኝ። እስከ እኩለ ቀን ሰባቱን እንስራ ሞላንና ለቅሶ ቤት አደረስን። ወገቤ እስከ ዛሬ ይህን ያስታውሰኛል።

ድንኳኑ ውስጥ ማንም ቦታ ባይሰጠኝ አልቀየምም ነበር። አንጓች ግን ከጎኗ ሰው አስነሥታ አስቀመጠችኝ፣ ንፍሮ በእጄ ዘገነችልኝ። «ይብሉ፣ ደክሞዎታል» አለች፤ ቀጠል አድርጋም በጆሮዬ፣ «እንስራዬን ለማንሣት እኮ ጉልበት አለዎት፤ የኔ ከባዱ ነው» አለችኝ። በለቅሶ ቤት ሳቄን ለመዋጥ በነጠላዬ ፊቴን ሸፈንኩ፤ ሰው ያለቀስኩ መሰለው።

ሐሙስ

ጠዋት ከትሁን በር ፊት አንድ ሰው መሰላል ይዞ ሲያልፍ አየሁ። አምፖል የሚቀይረው ሠራተኛ ነው። ጠራሁት።

«ልጄ፣ ይህ እንጨት ምን አጠፋ?»

«እንጨቱ ምንም አላጠፋም፣ እማማ። አምፖሉን ልጆች በወንጭፍ ሰበሩት።»

«ታዲያ ለምን አይቀየርም?»

«ላይኛው መንገድ አንድ ቢጠፋ በማግስቱ ደብዳቤ ይመጣል። ከዚህ ሰፈር መጥቶ ያመለከተ የለም። ዝም ያለ ሰፈር የበራለት ይመስለናል።»

ይህን ስሰማ ትሁንንና ጎረቤቶቿን በየበሩ እየጠራሁ ሰበሰብኳቸው። «እናንተ በጨለማ ስትደናቀፉ እርስ በርስ ነው የምታማርሩት፤ ሂዱና ለሚሰማው ንገሩ!» አልኳቸው። በኋላ ትሁን እንደላከችልኝ መልእክት አምስት ሆነው ሄደው አመልክተዋል፤ አንድ አምፖል ገብቶላቸዋል። አንዱ በርቶ አንዱ እንደ ጠፋ ነው፤ ለሁለተኛውም እየተመላለሱ ናቸው።

ከዚያ ከመሪጌታ ጋር ወደ ቢሮው ሄድን። የውሃ ክፍሉ ኃላፊ ወጣት ነው፣ ከረባት ያሰረ፣ ጫማው ግን ጭቃ የለበሰ። ጫማውን ሳይ ደስ አለኝ። ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ፣ ስሜንና አገሬን ጠየቀ፣ ከዚያ ፈገግ አለ።

«እማማ፣ ትላንት ቦኖ ላይ እንስራ ያዛወሩት እርስዎ ነዎት?»

ከተማ ትልቅ ነው ብያችሁ ነበር፤ ወሬ ግን እንደ መንደራችን ነው የሚሄደው። «እኔ ነኝ» አልኩ፣ ለሁለተኛ ጊዜ።

ወረቀታችንን ከመቀነቴ ፈትቼ ሰጠሁት፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ዘረጋ፣ የባላምባራስን ባለ ማኅተሙንና የኛን ባለ ጣቱን። ቧንቧው ሰኞ ይጫናል አለ። ዛሬ እሱ የሚጽፈው ደብዳቤ ቦታውን ይወስናል።

«እኔ ለማንም አላደላም» አለ። «ግን ይንገሩኝ። ባላምባራስ አጥር አላቸው፣ ዘበኛ አላቸው። መንታ መንገድ ላይ ያቆምኩት ቦኖ በወር ይሰበራል። ማን ይጠብቀዋል? ቁልፉንስ ማን ይይዛል?»

ይህን ጥያቄ ከሾላ ሜዳ ጀምሮ ስጠብቀው ነበር፤ መልሱም በአፌ ነበር። መሪጌታ ጣሪያ ጣሪያ አዩ። «እኔ» ልል አፌን ከፈትኩ፣ አልወጣ አለኝ። የሰባቱ እንስራ ክብደት ወገቤ ላይ ነው።

ኃላፊው፣ «እርስዎ እንዳይሉኝ፣ እማማ፤ ትላንት ያየነው ነው» አለ። በክፋት አልነበረም፣ ግን ወረቀታችንን በጣቱ ትንሽ ገፋ አደረገው።

በዚህ ጊዜ ተነሣሁ።

«ልጄ፣ በትላንቱማ ነው ወረቀቴን ወደዚህ መሳብ ያለብህ! እኔ ትላንት አጠፋሁ። ማን አየኝ? ሁሉም። ማን ተቆጣኝ? አንጓች፣ በአደባባይ። ሳይመሽ ያጠፋሁትን መለስኩ። ያ ቦኖ በግቢ ውስጥ ቢሆን፣ ባለ አጥሩ የሐዘንተኛ እንስራ ቢያነሣ፣ አንጓች በየት በኩል ገብታ ትቆጣዋለች? ዘበኛው መች ያስገባታል? ባላምባራስ ከኔ ይብሳሉ አላልኩም። እንደኔው ይሳሳታሉ። እኔ ስሳሳት ግን የሚያየኝ አለ።»

ኃላፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «በወረቀቱ ላይ ይህን አልጻፍኩትም፤ ባውቀው ሌላውን ትቼ ይህን ብቻ እጽፍ ነበር» አሉ።

«ቁልፉስ?» አለ ኃላፊው እንደገና።

«በየሳምንቱ ይዙር። ከላይ ሰፈር አንድ ቤት፣ ከታች ሰፈር አንድ ቤት። ሸክላ ሠሪዎቹም በተራቸው ይያዙ።»

«የባላምባራስ ቤትስ?»

ኮሶ መጠጣት ከዚህ ይቀላል። መሪጌታ ከጎኔ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

«ቤት ከሆኑ ተራ አላቸው» አልኩ።

ጻፈው። ማኅተሙ ሲመታ የነበረው ድምፅ እስካሁን በጆሮዬ አለ። ሲጨርስ ሁለት ነገር አዘዘኝ። ምንጩን ከላይ በግንብ ጋን ስለሚያጠራቅሙት ጋኑ እንዳይደርቅ ቦኖው በጠዋት ተከፍቶ ረፋድ ላይ እንዲቆለፍ፤ የሚፈሰውም ውሃ ጭቃ እንዳይሠራ ቦይ እንድንቆፍርለት። «ቦዩን ግን ክደኑት» አለ። «ልጄ፣ ይህንንስ ለኔ አትንገረኝ» አልኩት።

አርብ እና ቅዳሜ

ስንመለስ መኪናው ባዶውን ይሄድ ስለነበር እንደ ቅል አንገላታን። መሪጌታ ጥርሳቸውን ይዘው ተቀመጡ። ማንጠግቦሽ ዘንድ አድረን ከትሁን የተሰጠኝን ሳሙና ሰጠኋት፤ እያሸተተች ሻንጣዋ ውስጥ ደበቀችው፣ እንደማትታጠብበት ዓይኗ ይናገራል። ቅዳሜ ከገበያተኛው ጋር ሾላ ሜዳ ገባን። ደብዳቤው በገበያው መሀል ተነበበ። ታች ሰፈር እልል አለ። ባላምባራስ ኮፍያቸውን ደፍተው ሰሙ፣ ምንም ሳይሉ በበቅሏቸው ሄዱ።

ቦኖው ከፋሲካ በኋላ በመንታ መንገዱ ላይ ቆመ። ደጋግማችሁ የጠየቃችሁት ይህ ነው፤ አዎ፣ ውሃው ከብረት ይወጣል፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ትንሽ የምስማር ጣዕም አለው። ቦዩን የቆፈርነው ሁላችን ነን፣ ክዳኑንም እኔ እየዞርኩ እቆጥረዋለሁ። የቦኖው ጥላ ከሥሩ ያለውን ነጭ ድንጋይ ሲነካ ረፋድ ሆነ ተብሎ ይቆለፋል። ቁልፉ ከታች ሰፈር ሦስት ቤት፣ ከላይ ሰፈር ሁለት ቤት ከዞረ በኋላ የባላምባራስ ባለቤት የእሜቴ የሻሽወርቅ ሳምንት ደረሰ። ገረድ የምትልክ መስሎን ነበር። ራሷ መጣች፣ ቁልፉን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ።

በሳምንቱ መሀል አንድ ቀን የልጅ ልጄ አመመኝ ብሎ ስለያዘኝ ዘግይቼ ደረስኩ። አሥራ ሰባተኛ ሆንኩ። ሴቶቹ «ይቅደሙ እማማ» አሉኝ፣ እንቢ አልኩ። ከፊቴ የነበረችው ሸክላ ሠሪዋ እንስራዋን ሞልታ አዘለች። የኔን ከብረቱ አፍ ሥር አስጠጋሁት።

እሜቴ የሻሽወርቅ ወደ ጥላው አየች፤ ነጩን ድንጋይ ነክቷል። ከዚያ ወደ እኔ አየች።

«እመት ስመኝ፣ ሰዓቱ ደርሷል» ብላ ቆለፈችው።

ሴቶቹ አጉረመረሙ። «ለእሳቸው እንኳን!» አለች አንዷ። እኔ የምለው ነገር በጥላውም ፈለግኩ፣ በድንጋዩም ፈለግኩ፣ አላገኘሁም። እንስራዬን አንሥቼ ወደ ድሮው ምንጭ ቁልቁል ወረድኩ። ደርሼ እስክመለስ፣ በሁሉም ሰው ፊት አልፌ ቤቴ እስክገባ፣ አንድ ቃል አልተነፈስኩም፤ ባላምባራስ ይህን እስካሁን ለመጣ እንግዳ ሁሉ እንደ ተአምር ያወሩታል።